የጎብሊኖቹ ከተማ አማካሪ

የጎብሊኖቹ ከተማ አጥር ሦስት ዙር ነው። የመጀመሪያው እሾህ፣ ሁለተኛው ቦይ፣ ሦስተኛው በጥቁር ድንጋይ የተገነባና አናቱ ላይ የብረት ሹል የተተከለበት ግንብ። በሩ አንድ ነው፤ ቁልፉ ሰባት። ይህን ሁሉ የማውቀው ከተማዋ ስትሠራ አጠገቧ ስለነበርኩ ነው። የሚሠራት በአልጋ ቤቱ ከእኔ ቀጥሎ ባለው ክፍል ያደረ መምህር ነው፤ በተማሪ ደብተር ላይ፣ በእስክሪብቶ።

እኛ ራሳችን የነበርንባት ከተማ ግንብ አልነበራትም፤ እሾህና ቦይ ግን አላነሳትም። መተከል ውስጥ ነች፣ ከድባጤ ብዙ አትርቅም። ከቤቴ ከሆሞሻ ተነስቼ የሄድኩት ለአራት ቀን ነበር፤ ጫማ ላራግፍ፣ ለውዝ ልጭን። በሦስተኛው ቀን አካባቢው ተረበሸ፣ መንገዱ ተዘጋ። የከተማው ሰው በሁለቱም መውጫ ቦይ ቆፈረ፣ የግራር ቅርንጫፍ ጎትቶ ጋረደበት። በማግስቱ ኔትወርክ ጠፋ። ጫማዬ ኮንጎ የሚሉት የላስቲክ ጫማ ነው። ማንም የትም በማይሄድበት ከተማ ጫማ ይዞ የተገኘ ነጋዴ እኔ ብቻ ነኝ።

ሌላ ጊዜ ቢሆን አርፌ እተኛ ነበር። ነጋዴ መታገት ለምዷል፤ ድልድይ ይሰበራል፣ ወንዝ ይሞላል፣ ኬላ ላይ የሚፈትሽ ሰው ምሳ ይሄዳል። ያን ጊዜ ግን ሆሞሻ የታላቋ ልጄ ኒካህ፣ የጋብቻ ውሏ የሚታሰርበት ቀን፣ ተቆርጦ ነበር፤ ከአረፋ በኋላ ለመጀመሪያው ዓርብ። በእኛ ሥርዓት ልጅቷን የሚድራት አባት ነው፤ ወይ ራሱ ይገኛል፣ ወይ ሰው ይወክላል። ቀኑ ከዚያ በፊት ሁለት ጊዜ ተላልፏል፤ አንዴ በሙሽራው እናት ሕመም፣ አንዴ በእኔ ገበያ። ሙሽራው የጤና ጣቢያ ሠራተኛ ነው፤ ፈቃዱ አጭር ነው። ሦስተኛ ጊዜ ካስቀረሁ፣ የሙሽራው ወገኖች ‹‹ሰውዬው ልጁን አልሰጥም ነው የሚለው›› ብለው ፊታቸውን ያዞራሉ። ማን ይፈርድባቸዋል? እኔም ብሆን እንደዚያ እል ነበር።

መምህሩ ከሩቅ አገር ተመድቦ የመጣ ነው። ዕድሜው ሠላሳ አይሞላም። የተከራየው ቤት ከከተማው ጫፍ ስለነበር ፍራሹን ተሸክሞ ወደ አልጋ ቤቱ ገባ። ትምህርት ቤቱ ስለተዘጋ ሥራ አልነበረውም፤ ደብተር ግን ነበረው። አንድ ቀን በረንዳው ላይ ሲጽፍ ምን እንደሆነ ጠየቅሁት። በሌላ ዓለም ስላለ የጎብሊኖች ከተማ ነው አለኝ።

‹‹ጎብሊን ምንድን ነው?››

‹‹አጭር ነው፣ ቆዳው አረንጓዴ፣ ጆሮው ረጅም። ስስታም ነው። ፀሐይ አይወድም።››

‹‹ጂኒ ነው በለኛ።››

‹‹አይደለም ጋሼ፣ ጂኒ አይታይም። ይሄ ይታያል። ይበላል፣ ይጣላል፣ ያጭበረብራል።››

‹‹እንግዲያው ነጋዴ ነው።››

ሳቀ። በዚያ አልጋ ቤት ውስጥ ሰው ሲስቅ ስሰማ በዘጠኝ ቀን ውስጥ የመጀመሪያዬ ነበር።

ከዚያ በኋላ ከተማዋን በየቀኑ ያነብልኝ ጀመር። እኔ ትምህርቴ የገበያ ነው፤ አማርኛዬንም የለቀምኩት ከመኪና ላይና ከሚዛን ሥር ነው። ከተማ ግን አውቃለሁ። ግንቡን አንብቦ ሲጨርስ ጨው ከየት እንደሚያመጡ ጠየቅሁት። አላሰበበትም። ሽንት ቤታቸው ወዴት ነው የሚፈሰው አልኩት። እሱንም አላሰበም፤ ‹‹ጋሼ፣ ይሄ እኮ ልብ ወለድ ነው›› አለ። ልብ ወለድ ውስጥ አይሸኑም ወይ ስለው በግንቡ ሥር ቦይ አበጀላቸው። ሌላ ቀን ደግሞ ግንቡ ከውጭ በኩል ቢሰነጠቅ ማን ይጠግነዋል አልኩት። ጠጋኙ መውጣት አለበት፤ የወጣ ደግሞ ውጭውን ያያል፤ ውጭውን ያየ ሲመለስ ዝም አይልም። በማግስቱ ግንበኞች ሁሉ ዓይናቸው ታስሮ በገመድ ይወርዳሉ የሚል ምዕራፍ ጽፎ መጣ። ግንቡ ጠማማ የሆነው ለዚህ ነው አለኝ። ይህን ወደድኩለት።

ለእኔም አንድ ጎብሊን ሰጠኝ። ነጋዴ ነው፤ አንድ ጆሮው ረጅም፣ አንዱ አጭር። አጭሩ የሻጭን ዋጋ የሚሰማበት ነው።

የእኛ ቀን እንደሚከተለው ነበር። ጠዋት መውጫው ላይ እስካለው ኬላ ሄጄ መንገዱን አያለሁ። መንገዱ አለ፤ ሰው የለበትም። እመለሳለሁ። ሻይ ቤት እቀመጣለሁ። መጀመሪያ ስኳር አለቀ፣ ቀጥሎ ሳሙና፣ ከዚያ የባትሪ ድንጋይ። ባጃጆቹ ነዳጅ ሲጨርሱ በአንድ መስመር ቆሙ፤ ሾፌሮቹ ውስጣቸው ተኝተው ይውላሉ። የከተማው መንገድ አንድ ስለነበር፣ ጠዋት ሰላም ያልከውን ሰው ከቀትር በፊት አራት ጊዜ ታገኘዋለህ፤ በአራተኛው ሁለታችሁም ጉድጓድ የምታዩ መስላችሁ ታልፋላችሁ። ያልታሰረ ሰው እስር ቤት ማለት ግድግዳ ይመስለዋል። እስር ቤት አንድ ዓይነት ፊት ነው።

የከተማው ኮሚቴ ዘንድ ሦስት ጊዜ ሄጃለሁ። በእጀባ የሚወጡት የመንግሥት ሠራተኞችና ሕመምተኞች ብቻ ናቸው አለኝ ሰብሳቢው። ታምሜያለሁ አልኩት። ምንዎን አለኝ፤ ኒካህ አልኩት። አልሳቀም። በእግሬ ብሄድስ ስለው ‹‹ከሁለቱ የትኛው እግርዎ እንዲተርፍ ይፈልጋሉ?›› አለኝ። ክፉ ሰው አልነበረም። በቀን መቶ ሰው ያንኑ ጥያቄ ይዞ ይመጣበታል፤ መልሱን አሳጥሮታል።

ታዲያ ለምን ሰው አልወከልክም ትሉኝ ይሆናል። የሚወከለው ማን እንደሆነ አውቅ ስለነበር ነው። የልጅ አጎት እያለ ጎረቤት ወክሎ መዳር በእኛ ዘንድ ነውር ነው። አጎቷ ደግሞ ታላቅ ወንድሜ ነው፤ ከእሱ ጋር ከተነጋገርን አምስት ዓመት ሆኖናል።

ነገሩ የፍየል ነው። ግቢያችን አንድ ነበር። የእሱ ፍየሎች የፓፓያ ችግኜን ሁለት ክረምት በሉብኝ። በሦስተኛው፣ እሱ በረመዳን መስጊድ ውሎ ሲመለስ ግቢውን በቆርቆሮ ለሁለት ከፍዬ ጠበቅሁት። ቆሞ አየው፣ ምንም ሳይለኝ ገባ። ከዚያ ወዲያ ለሚስቴ ሰላም ይላል፣ ልጆቼን ይስማል። ለቅሶ ላይ ስንገናኝ ከቀኜ ያለውን ሰው ይጨብጣል፣ ከግራዬ ያለውን ይጨብጣል፤ እኔ መሐል ላይ እንደ ምሰሶ እቆማለሁ። ልጄ በየዓርቡ ምግብ ይዛ በዋናው መንገድ ዞራ ትሄድለታለች። ከሁለታችን የታጠረው ማን እንደሆነ ቆርቆሮው ራሱ አያውቅም። ይህን ለመምህሩ ዝናብ በያዘን አንድ ከሰዓት አጫውቼው ነበር።

አረፋን እዚያው ዋልን። ለዓርቡ አምስት ቀን ሲቀረው መምህሩ ደብተሩን ይዞ በረንዳ ላይ መጣ። ታሪኩ አልሄድ ብሎታል። የወንዝ ማዶ ሰዎች ለጎብሊኖቹ ጨው ሊሰጡ ተስማምተዋል፤ ቃል ኪዳኑ የሚታሰረው ግን ወንዙ ዳር ነው። የእኔ ጎብሊን መሄድ አለበት፤ በሩ ተቆልፏል። በሽንት ቤቱ ቦይ አንድ ቀጭን ጎብሊን ብቻ ሊሾልክ ይችላል። እሱ ደግሞ ቀጭን አይደለም። እናም ታማኝ ጓደኛውን ይልካል ብሎ ጽፎ አነበበልኝ።

‹‹ተበላ›› አልኩት። ‹‹ጓደኛ ይሉኝታ አለበት። ላኪዬ ምንም አይለኝም ብሎ የሰጡትን ተቀብሎ ይመጣል። የተጣላውን ይላክ።››

‹‹የተጣላው ለምን ይሄድለታል?››

‹‹ስለተጣላ ነዋ። አንዲት ነገር ብትጎድል በቂም አበላሸው እንደሚባል ያውቃል። ከራሱ ጉዳይ አብልጦ ይጠነቀቃል። ሠላሳ ዓመት ገበያ ላይ ያየሁት ይሄን ነው። ዕቃህን ለወዳጅህ አደራ ስጠው፣ ይረሳዋል፤ ለባላንጣህ ስጠው፣ ጨርቅ ያለብሰዋል።››

ጻፈው። ከዚያ የእስክሪብቶውን ክዳን ገጠመ። መምህር የነገሩትን እንደማይረሳ ዘንግቼ ነበር።

‹‹ጋሼ፣ ወንድምዎ አሁን ሆሞሻ ናቸው?››

‹‹የምናወራው ስለ ጎብሊን ነው።››

‹‹አዎ›› አለ፣ ‹‹ስለ ጎብሊን ነው።››

ተነስቼ ኬላው ድረስ ሄድኩ። በዚያ ቀን ሁለተኛዬ ነበር። ጠባቂው አዲስ ነገር እንደሌለ ከሩቅ በእጁ አሳየኝ። አዲስ ነገር ፍለጋ እንዳልሄድኩ አላወቀም። ምክሬ ትክክል ነበር፤ ያናደደኝም እሱ ነው። ለሌላ ሰው የሸጥኩትን ዕቃ ራሴ ልገዛ ነበር።

በማግስቱ የመምህሩ ስም ለእጀባው ወጣ። ረቡዕ ይሄዳል። ኔትወርክ ያለበት ቦታ ሲደርስ ለወንድሜ የማጽፈውን የውክልና ደብዳቤ በስልክ ፎቶ አንስቶ ለልጄ ሊልክ ተስማማን። የወንድሜን ቁጥር ከስልኬ ካጠፋሁት ቆይቷል፤ የእሷን ግን በቃሌ አውቀዋለሁ። መስጊድ ሄድን፤ ኢማሙና ሁለት ምስክሮች ተቀመጡ፣ እኔ ተናገርኩ፣ መምህሩ ጻፈ። ‹‹ልጄን እንድትድርልኝ፣ ኒካሁን በስሜ እንድታስር ወክዬሃለሁ።›› ሌላ የለውም። መምህሩ ከወጣን በኋላ ይቅርታ የሚል አንድ መስመር ልጨምር ወይ አለኝ።

‹‹ተው። ይቅርታ ካስገባህበት የምደራደር ይመስለዋል።››

ረቡዕ ጠዋት ደብዳቤውን በላስቲክ ጠቅልሎ ደረት ኪሱ ውስጥ አስገባ። ደብተሮቹን ለእኔ ተወልኝ፤ አገር ሰላም ሲሆን እወስዳቸዋለሁ አለ። አውቶቡሱ ከእሾሁ ወዲያ ሲዞር አየሁት። የተገፋው እሾህ ተጎትቶ ተመለሰ፤ ሁለት ሰው በቂው ነው፣ ብዙ ጊዜ አይፈጅም።

ዓርብ ዕለት ከሶላት በኋላ መስጊዱ ውስጥ ቀረሁ። በዚያ ሰዓት ልጄ ወይ ተድራለች፣ ወይ አልተዳረችም። ደብዳቤው ወይ ደርሷል፣ ወይ በአንድ ኬላ ላይ ከመምህሩ ኪስ ወጥቷል። ወንድሜ ወይ አንብቦታል፣ ወይ ማን እንደላከው አይቶ መልሷል። ኢማሙ አጠገቤ መጥቶ ተቀመጠ። ለእንዲህ ያለ ሰው ምን እንደሚባል እሱም እኔም አላወቅንም፤ እንኳን ደስ አለህ ይባላል ወይስ አይዞህ?

ከዚያ በኋላ ያሉት ሳምንታት ከፊተኞቹ ይከፉ ነበር። በፊት የምሮጥለት ቀን ነበረኝ፤ አሁን ቀኑ አለፈና መቀመጥ ብቻ ቀረ። ደብተሮቹን አነበብኩ። የተጣላው ጎብሊን በቦይ ሾልኮ ሲወጣ ታሪኩ ይቆማል፤ ቀሪው ገጽ ባዶ ነው። ነጋዴው ግንቡ ላይ ቆሞ ወደ ወንዙ ያያል፤ ከዚያ ወንዙ አይታይም፣ ምክንያቱም ግንቡን ያስረዘምኩት እኔ ነኝ። በአንድ ወቅት ዝቅ ነው ብዬ ተከራክሬ።

ኔትወርክ የተመለሰው አንድ ቀን ከቀትር በፊት ነው። መንገዱ ሁሉ በአንዴ ጮኸ። ባጃጅ ውስጥ የተኙት ተነሱ፣ ሻይ ቤት ያለው ሰው ሁሉ ወደ ውጭ ወጥቶ ስልኩን ሽቅብ ያዘ። የልጄን ቁጥር ደወልኩ። ያነሳው ወንድ ነው።

‹‹አንተ ነህ?›› አለ በቤታችን ቋንቋ። አምስት ዓመት ያልሰማሁት ድምፅ ነው። አርጅቷል።

‹‹እኔ ነኝ።››

‹‹ደብዳቤህ ደርሷል። ኒካሁ በዓርቡ ታስሯል።››

አልሐምዱሊላህ አልኩ። ድምፄ እንዳይሰማው ስልኩን ራቅ አደረግሁት። ስመልሰው ገና እያወራ ነው።

‹‹ልጅቷን ግን አልሰጠኋቸውም።››

‹‹ምን ማለት ነው?››

‹‹የወከልከኝ ኒካህ እንዳስር ነው። ከቤት አውጥተህ ሸኛት የሚል የለበትም። ደብዳቤውን ሦስት ጊዜ አስነብቤዋለሁ።››

‹‹ሙሽራውስ?››

‹‹ፈቃድ አስጨምሯል። በየቀኑ ከአሱር ሶላት በኋላ ይመጣል። ሻይ እንሰጠዋለን፣ ይጠጣል፣ ይሄዳል።››

‹‹እስከ መቼ?››

‹‹እስክትመጣ። አባቷ በሕይወት እያለ እኔ በር ላይ ቆሜ ሙሽራ አልሸኝም›› አለና ስልኩን ለልጄ ሰጣት። እሷ እያለቀሰች ይሁን እየሳቀች ለመለየት መስመሩ ጥሩ አልነበረም።

መንገዱ የተከፈተው ከዚያ በአሥራ አንደኛው ቀን ነው። ጫማዬን ለሻይ ቤቱ ባለቤት ተውኩለት፤ ሕዝቡ አሁን መሄጃ ስላገኘ ይፈልገዋል። ሆሞሻ ስደርስ አሱር ተሰግዷል። ከመኪናው ሳልወርድ ሻንጣዬን ከእጄ የነጠቀኝ ሙሽራው ነው፤ ሰላም ለማለት እንኳ ጊዜ አላባከነም፣ ቀድሞኝ ወደ ቤት ሮጠ።

ወንድሜ በቤቴ በር ላይ ቆሟል። ከላይ እስከ ታች አየኝ።

‹‹ከስተሃል›› አለኝ። ‹‹ግባና ታጠብ። ልጁ ከዚህ በላይ ሻይ መጠጣት አይችልም።››