ከፈረምኩባቸው መምህር ደጅ

በቀደም የጎረቤቴ ልጅ ደብተሯን አቅፋ በራችን ላይ ቆመች። የምህንድስና የመጀመሪያ ዓመት ተማሪ ናት። ካልኩለሱ እንዳልገባት እስክትነግረኝ ድረስ ሻይዋ ቀዘቀዘ። እኔ ከሃያ ዓመት በላይ መንገድ ስሠራ የኖርኩ መሐንዲስ ነኝ፤ እርዳታ መጠየቅ እንዴት እንደሚከብድ ግን አልረሳሁትም።

በእሷ ዕድሜ ሳለሁ ሂሳብና ፊዚክስ ወድቄ፣ ከዩኒቨርሲቲው ማስጠንቀቂያ ተሰጥቶኝ ወዳደግኩባት ከተማ ወደ ቢቸና ተመለስኩ። ለቤተሰቦቼ የነገርኳቸው ለዕረፍት እንደመጣሁ ነው። አባቴ ገበያ ላይ ላገኘው ሁሉ ልጄ መሐንዲስ ልትሆን ነው ሲል እየሰማሁ አንገቴን እደፋ ነበር። ሁለተኛውም መንፈቀ ዓመት እንዲሁ ከሆነ መባረሬ ነው።

ከሥሩ ሊያስረዳኝ የሚችል አንድ ሰው ብቻ አውቃለሁ፤ መምህር ዮናስ። ከሐረር ተመድበው መጥተው፣ አሥራ አንደኛ ክፍል ሂሳብ ያስተማሩን እሳቸው ናቸው። ያልሠራንበትን ነጥብ አይሰጡም ነበር። በዚህ ቂም ይዘን «ይነሱልን» የሚል ማመልከቻ ጻፍን፤ ሦስተኛዋ ፈራሚ እኔ ነበርኩ። ብዙም ሳይቆዩ ወደ ሞጣ ተዛወሩ። ባለቤታቸው ቢቸና ጤና ጣቢያ ነርስ ስለነበሩ ከሕፃን ልጃቸው ጋር እዚያው ቀሩ። ያኔ ነገሬ አላልኩትም።

የካቲት ላይ በአንድ ማለዳ የሞጣን አውቶቡስ ተሳፈርኩ። መንገዱ አቧራ ብቻ ነበር። ደብረ ወርቅ ላይ ሴቶች የሽምብራ እሸት በመስኮት ሲያቀብሉ ገዛሁ።

ሞጣ ደርሼ ሰው እያጠያየቅኩ ቤታቸውን አገኘሁ። አንዲት ጠባብ የኪራይ ክፍል ናት። እሳቸው ከሰል ምድጃ ላይ ሽሮ እያማሰሉ ነበር። ድስቱን አውርደው፣ ያለቻቸውን አንድ ወንበር ለእኔ ሰጥተው፣ አልጋው ጫፍ ላይ ተቀመጡ። የመጣሁበትን ነገርኳቸው። ሰምተው ሲያበቁ ደብተሬን ተቀብለው መግለጥ ጀመሩ።

«መምህር፣ ማመልከቻው ላይ እኔም ፈርሜያለሁ» አልኳቸው።

«አውቃለሁ፤ ስምሽን አይቼዋለሁ» አሉ ቀና ሳይሉ። አንድ ገጽ ላይ ጣታቸውን አሳርፈው፣ «የተሰናከልሽው ከካልኩለሱ መነሻ፣ ሊሚት ላይ ነው። ከዚያ እንጀምር» አሉኝ።

እዚያው ሞጣ አክስቴ ቤት አርፌ ለሁለት ሳምንት ከእሳቸው ተማርኩ። በሥራ ቀን ከሰዓት በኋላ፣ ቅዳሜ ደግሞ ሙሉውን ቀን፣ በሚያስተምሩበት ትምህርት ቤት ባዶ ክፍል ውስጥ ጠመኔ በጠመኔ ሆነን እንውላለን። ስሳሳት አይቆጡም፤ ሰሌዳውን ጠርገው እንደገና ያስጀምሩኛል። እጄ ሲፈታ ለራሴም ታወቀኝ።

ፈተናውን አለፍኩ። ክረምት ላይ ላመሰግናቸው ስነሳ፣ ባለቤታቸውን ቢቸና መንገድ ላይ አገኘኋቸው። መምህር ዮናስ ከሞጣ ቀድመው ወደ ሐረር ተመልሰዋል፤ እሳቸውም ከልጃቸው ጋር ሊከተሏቸው ዕቃ እየሸከፉ ነበር። ቅሬታ ሳያሰሙ አንድ ነገር ነገሩኝ፤ መምህር ዮናስ ቅዳሜ ቅዳሜ ልጃቸውን ለማየት ከሞጣ ይመጡ እንደነበር፣ እኔን ባስተማሩባቸው ሁለት ሳምንታት ግን እንዳልመጡ።

ከእነዚያ ሁለት ሳምንታት ወዲህ መምህር ዮናስን አግኝቻቸው አላውቅም። ሞጣ ቤታቸው በሄድኩበት ቀን መፈረሜን ተናገርኩ እንጂ ይቅር በሉኝ አላልኳቸውም፤ እሳቸውም ይቅር ብዬሻለሁ አላሉኝም። ያስተማሩኝ ይቅር ብለውኝ ይሁን መምህርነታቸው አላስችል ብሏቸው ይሁን፣ ዛሬም አላውቅም። ራሴ ወልጄ ሳሳድግ ነው ነገሩ በደንብ የገባኝ። በእነዚያ ሁለት ቅዳሜዎች፣ ቢቸና ላይ፣ አባቷን ስትጠብቅ የዋለች አንዲት ሕፃን ነበረች።