ሳይሸተት የተሰፋ ድሪቶ

ድሪቶ ሰፊ ሲባል ሰው የሚያስበው እጇ ያደፈ፣ ቀሚሷ ቡትቶ የሆነ ሴት ነው። አስካለችን እንዲህ ብሎ የገመተ ግን በሯ ላይ ያፍር ነበር። ሚዛን ተፈሪ ውስጥ እንደ እሷ የሚጸየፍ ሰው አላየሁም። ሌላ ሰው በጠጣበት ኩባያ ውኃ አትጠጣም። ብር ከነካች እጇን ትታጠባለች። እኔ ጎረቤቷ ኮረሪማ ሸጬ ስመለስ እግሬን ካልታጠብኩ ደጃፏን አታሳልፈኝም። እውነቱን ለመናገር አንዳንዴ ታንገሸግሸኝ ነበር።

ሥራዋ ግን የሰው አሮጌ ልብስ ነው። የተቀደደ ቀሚስ፣ ያለቀ ጋቢ፣ የቡና ለቃሚ ሱሪ ሰብስባ፣ ደራርባ በእጇ ትደርታለች። ብርድ ልብስ መግዛት ያልቻለ ሁሉ የሚለብሰው የእሷን ድሪቶ ነው፤ ከቴፒ ሳይቀር መጥተው ይወስዱላታል። ጨርቅ ስትቀበል መጀመሪያ «የማን ነው?» ትላለች። ባለቤቱ ካልታወቀ ትመልሰዋለች። ከዚያ በእንዶድ ታጥበዋለች፣ ትቀቅለዋለች፣ ፀሐይ በወጣ ቀን ታሰጣዋለች። በመጨረሻ እያንዳንዷን ቁራጭ አፍንጫዋ ላይ ለጥፋ ታሸታለች፤ ትንሽ ከሸተታት እንደገና ወደ ድስት። አራስ ቤት የሚገባውን ድሪቶ ደግሞ የዚያው ቤት ሰዎች ከለበሱት ልብስ ብቻ ነበር የምትደርተው። «ሕፃን በማያውቀው ሰው ላብ አይጠቀለልም» ትላለች።

ባሏ ከሞተ በኋላ አንዲት ልጇን ዓለምሸትን ያሳደገችው በዚሁ መርፌ ነው። በሰባ ሰባት ዓመተ ምሕረት ግን የጣቶቿ አንጓ አብጦ መርፌ መያዝ አቃታት። ዓለምሸት አማን ከተማ አግብታ የመጀመሪያ ልጇን አርግዛለች። አስካለች ደግሞ የአማቿን እጅ ጠብቃ ከምትበላ ብትሞት ይሻላታል።

ያን ጊዜ ከድርቅ የተረፉ ሰፋሪዎች ከሰሜን በመኪና እየተጫኑ ወደ አካባቢያችን ይመጡ ነበር። ለእነሱ ድሪቶ የሚሰፋ «ንቃት» የሚባል ማኅበር ተቋቋመ፤ በእግር የሚረገጡ የስፌት መኪናዎችም መጡለት። የጨነቀው እርጉዝ ያገባል፤ አስካለችም ገባች።

ያስተማራት ሸምሱ የሚባል ልብስ ሰፊ ነው። እግሯ ሲረግጥ እጇ ይቆማል፣ እጇ ሲገፋ እግሯ ይረሳል። መዘውሩ ወደ ኋላ እየዞረ ክሩን ይበጥስባታል። የመኪናው ዘይት ጣቷን በነካ ቁጥር ተነሥታ ልትታጠብ ትሄዳለች።

«እትዬ አስካለች፣ ጨርቁን አይጎትቱት። መኪናው ራሱ ይወስደዋል» አላት።

«ታዲያ የእኔ እጅ ምን ይሠራል?»

«ያሳልፋል።»

«ማሳለፍማ ዘበኛም ያሳልፋል» አለች።

አንድ ቀን እጇ ለምዶባት የምትሰፋውን ጨርቅ ልታሸት ወደ አፍንጫዋ አነሳች። እግሯ ግን አላቆመም ነበርና መርፌው ጣቷን ወጋት። ሸምሱ ደሙን እያሰረላት «ማሽተቱን ካልተዉ መኪና አይለምዱም» አላት። ተወች። ማሽተቱን ከተወች በኋላ መኪናው እንደ ጉድ ገራላት።

ቀጥሎ ጨርቁ መጣ። ሰልባጅ ነው፤ በቦንዳ ታስሮ፣ የማን እንደነበረ የማይታወቅ። ሲፈታ የወጣውን ሽታ አሁንም አልረሳሁትም። ወዙ አንገቱ ላይ የደረቀ ሸሚዝ፣ ሽንት የበላው ሱሪ ነበረበት። አስካለች «ይታጠብ» አለች። የማኅበሩ ሊቀ መንበር ጓድ ተሾመች «ሰው በብርድ እያለቀ ልብስ እስኪደርቅ ልንጠብቅ ነው?» ብላ መለሰችላት። አስካለችም ወደ መኪናዋ ተመለሰች። በላዩ የሚያምር ቀይ አቡጀዲ እየለበጠች፣ ቡትቶውን በውስጡ ከነእድፉ ሰፋችው።

ከሁሉም ፈጣን ሆነች። በስብሰባ ላይ ስሟ ተጠራ፣ ተጨበጨበላት። አንድ ቀን ልጠይቃት ብገባ ከስፌቱ ሥር ቅማል ወጥታ በቀዩ ጨርቅ ላይ ስትሄድ አየሁ። አስካለችም አይታታለች። መዘውሩን አላቆመችም።

«ሲሮጡ የታጠቁት ሲሮጡ ይፈታል» አልኳት።

«ኮረሪማሽን ሽጪ» አለችኝ።

ብዙ ሳይቆይ ሰፋሪዎቹ ዘንድ ግርሻ የሚሉት ትኩሳት ገባ፣ ሕፃናት እያለቁ ነው የሚል ወሬ ገበያ ላይ ሰማን። በሽታውን የሚያመጣው ቅማል ነው አሉ። አስካለችም ሰማች። በማግሥቱ ሥራዋ ገባች፤ ማታ ቤቷ ስሄድ ያው እንደ ድሮው እግርሽን ታጠቢ አለችኝ። ያን ቀን ታጥቤም አልገባሁም፤ ፊቷን ማየት ቀፈፈኝ።

ዓለምሸት ስትገላገል ግን ጉርብትና ነውና ቅቤዬን ይዤ ከአስካለች ጋር ወደ አማን ወረድኩ። ጓድ ተሾመች ቀድማን እንኳን ማርያም ማረችሽ ብላ ሄዳለች፤ ስጦታም ትታለች። ጨቅላው በቀይ ድሪቶ ተጠቅልሎ እናቱ ጎን ተኝቷል።

አስካለች ሳትስም፣ ሳትቀመጥ ልጁን ከድሪቶው መንጭቃ አወጣችው። ራቁቱን በነጠላዋ ጠቅልላ ደረቷ ላይ ለጠፈችው።

«ምን ሆነሽ ነው እማዬ?» አለች ዓለምሸት። «አንቺ የሰፋሽው እኮ ነው።»

«እኔ ስለ ሰፋሁት ነው።»

ልጁን ለእኔ አቀበለችና ድሪቶውን በሁለት ጣቷ አንጠልጥላ ደጅ ወረወረችው። ከጓሮ ስታስመልስ ሰማናት። ስትመለስ እጆቿን ከሰውነቷ አርቃ ይዛቸው ነበር፤ የራሷን እጅ ተጸይፋለች። እኔም አላዘንኩላትም።

ዓለምሸት አልጋዋ ላይ ሆና አየቻት። ክፋት አልነበራትም፤ ከልቧ ጠየቀች።

«ታዲያ የሰፋሪዎቹ ሴቶች ልጆቻቸውን በምን ጠቀለሉ?»

አስካለች ከበሩ ሳትርቅ ቆመች።

«በዚሁ» አለች።