ያላሰማሁት ካሴት

ይህን ለነፍስ አባቴ እንኳ ተናግሬው አላውቅም። እናንተ የምታነቡ ስሙኝና ፍረዱብኝ።

እኔ በማኅበር ዳቦ ስቆርስ ለማንም የማላዳላ፣ ፍርድ ሲጓደል ሽማግሌ የማላፍር ሴት ነኝ። በቤቴ ግን ፍርድ ያጓደልኩት እኔው ነኝ።

ልጄ ሩሲያ ተምሮ ናዲያ የምትባል የዚያን አገር ልጅ አግብቶ መጣ። በስደት አገር፣ ኢስትሙር የሚባል ሰፈር አብረን ስንኖር እሱ ትራክ ይነዳል፣ እሷ ግሮቭ ሲቲ ዌርሃውስ ዕቃ ስታሽግ ትውላለች፤ ልጃቸውን ማርታን ቀን ቀን የምይዛት እኔ ነበርኩ። ናዲያ በገዛ ድምፅዋ የሩሲያኛ ተረት የቀዳችበትን ካሴት፣ በየቀኑ እንዳሰማላት አደራ ብላ ትሰጠኛለች። አላሰማሁም። አንድ ቀን እንኳ አላሰማሁም። የተሰማ እንዲመስል በእስክሪብቶ እያጠነጠንኩ መጨረሻው ላይ አደርሰው ነበር።

«እማማ፣ ሰማች?» ትለኛለች፣ ጫማዋን ሳታወልቅ።

«ሰምታለች፤ እንዲያውም ስቃለች!»

ስቃለች ማለትን ምን አስጨመረኝ? ናዲያ በሩሲያኛ ስታናግራት ልጅቷ በአማርኛ ትመልሳለች። ናዲያ ታከታትና ተወችው። እኔም ቤት ስንቀይር ካሴቱን ጣልኩት። ለምን? የማላውቀውን ቋንቋ ከለመደች የእናቷ ብቻ ትሆናለች፣ እኔ በልጄ ቤት እንግዳ ልሆን ነው ብዬ።

በኮሮናው ዓመት ናዲያ ሆስፒታል ገባች። መጠየቅ ተከልክሎ በስልክ ብቻ ነበር። በመጨረሻው ቀን ትኩሳቱ እንግሊዝኛዋን ወሰደባት፤ በሩሲያኛ ብዙ ተናገረች። ሩሲያኛ የሚችለው ልጄ ትራኩን ይዞ መንገድ ላይ ነበር። ማርታ ስልኩን ይዛ «ማም፣ በእንግሊዝኛ፣ ፕሊስ» ትላለች። ያ ቃል ምን እንደነበር ዛሬም የሚያውቅ የለም።

በዓመቱ ማርታ ዩኒቨርሲቲ ገባችና ሩሲያኛ ሬጅስተር አደረገች፤ ቋንቋውን ቤታቸው እየሰሙ ላደጉ ልጆች የተከፈተ ኮርስ ነው። ትምህርቱ በኮምፒውተር ስለነበር ሳሎን ሆኜ እሰማለሁ። ሌሎቹ ከአስተማሪዋ ጋር ይሳሳቃሉ፤ የእኔዋ ዝም። በሁለተኛው ሳምንት ድሮፕ አድርጋ ከኮርሱ ወጣች።

«አያቴ፣ እነሱን እናቶቻቸው አውርተዋቸዋል። ማም ግን ግድም አልነበራት።»

ያኔ መናገር ነበረብኝ። «ሥራ ይበዛባት ነበር» አልኩ። የሞተችውን ጥፋተኛ አድርጌ ሻዬን ጠጣሁ።

ይቅርታ አልጠይቅም፤ የምትምረኝ ሞታለች። ማርታ አማርኛ ትናገራለች እንጂ ፊደል አልቆጠረችም። ይህንንም የጻፍኩት እንደማታነበው እያወቅሁ ነው።