አማቴን ማድ ቤት ያስተኛሁ ጊዜ

ቢቸና የሄድኩት በአስተማሪነት ተመድቤ ነው። እዚያው የአውራጃ ጸሐፊ አገባሁና ቀረሁ። ባሌ የሞጣ ልጅ ነው። የመጀመሪያ ልጃችን ሴት ነበረች። ክርስትና በተነሣች ማግሥት፣ ድግስ የበላው ሰው ሁሉ አገላብጦ ስሟት ከሄደ በኋላ፣ ማሳል ጀመረች። ሳምንት አልቆየችም። የጤና ጣቢያው ድሬሰር የሳምባ ምች ነው አለኝ። ሰዉ ሲያጽናናኝ እኔ በልቤ የሳሟትን ሁሉ አንድ በአንድ እያነሣሁ፣ ከመካከላቸው ያስል የነበረው ማን እንደሆነ እፈልግ ነበር። ቂመኛ ነኝ፤ አልደብቅም።

ሁለተኛው ልጄ የተወለደው መንገድ በተዘጋበት ዓመት ነው። ኮሌራ በሌላ ጠቅላይ ግዛት ገብቷል ተባለና ትእዛዝ መጣ። ገበያ ቀረ፤ ሠርግና ተዝካር ተከለከለ፤ ትምህርት ቤታችን ተዘጋ፤ በሞጣ መንገድ ላይ ኬላ ተጣለና መኪና መመላለሱን አቆመ። ሰዉ ውሃ እያፈላ ይጠጣል፣ እጁን በሳሙና ይታጠባል፣ ለቅሶ እንኳ ከሩቅ ቆሞ ይደርሳል። ከተማው እንዳኮረፈ ሰው ጭጭ አለ። እኔ ግን ደስ ብሎኝ ነበር። አራስ ጠያቂ የለ፣ ልጅ አገላብጦ የሚስም የለ። ክርስትናውን ከቄሱና ከክርስትና አባቱ ጋር እኛ ብቻ ሆነን አስነሣነው።

ኮሌራው ቢቸና አልደረሰም። እኔን የገረመኝ ግን ሌላ ነገር ነው። ወትሮ ኅዳር ሲገባ ክፍሌ በሳል ይናወጣል፤ ተማሪዎቹ ሲያስሉ የራሴን ድምፅ መስማት ያቅተኛል። በዚያ ዓመት እኔም፣ ባሌም፣ ጎረቤቶቻችንም አንድ ቀን እንኳ አላስነጠስንም። ልጁን ላሳየው ጤና ጣቢያ የወሰድኩት ዕለት ድሬሰሩ መደርደሪያው ላይ የተደረደሩትን የሳል ሽሮፕ ጠርሙሶች እያሳየኝ ሳቀ።

"ይዩልኝ፣ አቧራ ለብሰዋል። መንገዱ የተዘጋው ለኮሌራ ነበር፤ ጉንፋኑም አብሮ ታሰረ። ሰው ከሰው ካልተገናኘ በምን ይሂድ?"

"እንግዲያው እንደታሰረ ይቅር" አልኩት።

"አይቀርም እትዬ። መንገዱ ሲከፈት ይመጣል፤ እንዲያውም ከወትሮው ሳይብስ አይቀርም። ግን እስከዚያ ልጁ ትንሽ ይጠነክራል። ትርፉ እሱ ነው።"

ያችን ቃል ያዝኩ። ልጄ ዓመት እስኪሞላው ድረስ ጉንፋን የያዘው ሰው አይነካውም ብዬ ለራሴ ማልኩ።

ኬላው ሲነሣ ልጄ ስምንት ወሩ ነበር። በመጀመሪያው መኪና አማቴ ከሞጣ መጡ። የልጅ ልጃቸውን ለማየት ያን ሁሉ ጊዜ የጠበቁ ሴት፣ አንድ ቅል ማር ታቅፈው፣ ፊታቸው በደስታ በርቶ ወደ በሩ ሲቃረቡ አስነጠሱ። ደገሙት። በሩ ላይ ቆምኩ።

"እማማ፣ ይቅርታ ያድርጉልኝ። ጉንፋን ይዞዎታል፤ አሁን አይገቡም።"

የባሌ ፊት ዐመድ መሰለ። "እናቴን ደጅ ልታሳድሪያት ነው?"

"ደጅማ አይደለም። ማድ ቤቱን ጠርጌ አነጥፍላቸዋለሁ።"

አማትን ማድ ቤት ማስተኛት ምን ማለት እንደሆነ ለአገሬ ሰው አላስረዳም። አማቴ ትክ ብለው አዩኝ።

"ለልጁ ብለሽ ነው?"

"ለልጁ ብዬ ነው።"

ማሩን ደፉ ላይ አስቀመጡና ወደ ማድ ቤቱ ሄዱ።

ዐሥር ቀን ምድጃው አጠገብ ተኙ። ምግባቸውን ለብቻቸው አቀርባለሁ፤ ልጁን በመስኮት ከፍ አድርጌ አሳያቸዋለሁ፤ እሳቸውም ግቢው መሐል ቆመው እያጨበጨቡ ያስቁታል። ጠዋት ጠዋት "ነይ እይው፣ ዛሬ ደርቋል" ይሉኛል፤ ሄጄ ሳይ አፍንጫቸው ገና ነው። አንድ ቀን ሳል ይዟቸው፣ እንዳልሰማ ብለው አፋቸውን በነጠላ አፍነው ወደ ጓሮ ሲሮጡ አየሁ። ያን ቀን በራሴ አፈርኩ። ግን አላስገባኋቸውም። ጎረቤቱ እኔን ሲያማ ሰነበተ፤ ባሌም ካላናገርኩት አያናግረኝም። በዐሥራ አንደኛው ቀን ገላቸውን ታጥበው፣ ልብስ ቀይረው ገቡና ልጁን ታቀፉት። እያሸተቱት አለቀሱ።

በዚያው ሳምንት ገበያው ተከፈተ። አማቴ ልጁን ስለያዙልኝ ወጣሁ። ለወራት ዐይኑን ያላየሁት ሰው ሁሉ እዚያ ነበር። ሦስት አራት ጊዜ ጉንጭ ለጉንጭ እየተሳሳምን፣ እየተቃቀፍን፣ በናፍቆት የምንሆነው ጠፍቶን ዋልን። ግማሹ ሰው ያስል ነበር፤ በደስታ ብዛት ልብ አላልኩም። በሦስተኛው ቀን ልጄን እያጠባሁ ጉሮሮዬን ከረከረኝ። ብዙም ሳይቆይ ልጁ ማሳል ጀመረ።

ሳሉን አወቅሁት፤ የእኅቱ ሳል ነበር። ድሬሰሩ እየተመላለሰ መርፌ ወጋው። ሲጋደም ትንፋሽ ስለሚያጥረው አማቴ ሦስት ቀን ሙሉ ደረታቸው ላይ ቀና አድርገው ይዘውት ዋሉ አደሩ። እኔ "ታዲያ ይህን ማን አመጣበት?" እስኪሉኝ ጠበቅኩ። ማድ ቤት ያስተኛኋቸው ሴት ይህን ቢሉኝ አይፈረድባቸውም። ብጠብቅ፣ ብጠብቅ የለም። በመጨረሻ እኔው አልቻልኩም።

"እማማ፣ ያመጣሁበት እኔ ነኝ" ብዬ አለቀስኩ። "እርስዎን በከንቱ አንገላታሁ።"

"በከንቱማ አይደለም" አሉ፣ ዐይናቸውን ከልጁ ሳያነሡ። "በኅዳር በሽታ ጊዜ ልጅ ነበርሁ። ጎረቤት ስጫወት ውዬ መጣሁና አተኮሰኝ። ከዚያ ታናሽ ወንድሜን ያዘው። እኔ ተነሣሁ፤ እሱ ቀረ። እናቴ 'ካንቺ ነው' ሳትለኝ ሞተች። እኔም አልልሽም ልጄ። ምነው ያን ጊዜ አንቺን የመሰለች ክፉ ሴት በር ላይ ቆማ 'አትገቢም' ባለችኝ!"

በማግሥቱ የልጁ ትንፋሽ ረጋ፤ ጡትም ፈለገ። ድሬሰሩ ደረቱን አዳምጦ፣ "በሁለት ወሩ ይዞት ቢሆን አይችለውም ነበር" አለኝ። ያን ሰሞን ጉንፋኑ ከተማውን ሁሉ አዳረሰ፤ የሽሮፕ ጠርሙሶቹም አለቁ።

አማቴ ወደ ሞጣ የሚመለሱ ዕለት ማድ ቤት ገብቼ መኝታቸውን ላነሣ ስል ከኋላዬ ደረሱብኝ።

"ተይው" አሉኝ። "የከርሞ ኅዳር መጥቼ ባስነጥስ የት ልተኛ ነው?"

መኝታውን አላነሣሁትም።