ጥናቱ የእሳቸው ነው

ባለፈው ሳምንት ከጉርድ ሾላ ወደ ቦሌ አራብሳ በሚሄድ ሚኒባስ ተሳፍሬ ሳለ ሬዲዮው የምርጫ ቅስቀሳ ያስተላልፍ ነበር። ተራው የአንድ ትንሽ ፓርቲ ነው። ስለ ኃይል አቅርቦትና ስለ አካባቢ ልማት የሚናገረው ሰውዬ ድምፁ ለስላሳ፣ አነጋገሩም የረጋ ነው። «የኤሌክትሪክ መስመር በጣሪያው ላይ የሚያልፍበት ሰው በኩራዝ ማምሸት የለበትም» አለ። ያቺን ዓረፍተ ነገር የጻፍኳት እኔ ነኝ፤ በሃያ ሦስት ዓመቴ። ፊቴ ምን እንደመሰለ እንጃ፣ አጠገቤ የተቀመጠችው ልጅ «አመመዎት እንዴ እናቴ?» አለችኝ።

«የለም፣ የማውቀው ሰው ነው» አልኳት። ድምፁን ከሰማሁ ከሃያ ዓመት በላይ ሆኖኛል። ንዴቴ ግን የትናንት ያህል ትኩስ ነበር።

ያኔ ከቴክኒክ ኮሌጅ በኤሌክትሪክ ሙያ ተመርቄ ሥራ አጥቼ ቤት የተቀመጥኩ ልጅ ነበርኩ። አንዲት ጓደኛዬ ጉርድ ሾላ፣ ከሴራሚክ መሸጫ በላይ ባሉ ሁለት ክፍሎች ቢሮ ወደከፈተ ፓርቲ ወሰደችኝ። አባላቱ ሁሉም ቢመጡ ሦስት አግዳሚ ወንበር ይበቃቸዋል። ስለ ባንዲራና ስለ ታሪክ ሲከራከሩ ይውላሉ፤ ስለ መብራት ግን አንድ ገጽ አልነበራቸውም። የፓርቲው ጸሐፊ፣ ሬዲዮ ላይ የሰማሁት ሰውዬ፣ ግርማቸው ይባላል። ያኔ አንቱ እለው ነበር፤ አንቱታውን ካነሳሁበት ቆየሁ። ሙያዬን ሲሰማ «ልጄ፣ የመብራቱን ክፍል አንቺ ጻፊልን» አለኝ።

ሁለት ወር ሙሉ ደብተር ይዤ ዞርኩ። በልግ ነበር። ከአስፋልቱ ወርጄ፣ ዛሬ ፋብሪካዎቹ ወደቆሙበት ወደ ቦሌ ለሚ በኩል በእግሬ ስሄድ ጥቁሩ ጭቃ ጫማዬን ይነጥቀኛል፤ እርጥብ የባሕር ዛፍ ቅጠል ይሸታል። ከራሴ በላይ ወፍራሙ የኤሌክትሪክ መስመር እያጉረመረመ ወደ ከተማ ያልፋል። ከሥሩ ያሉት ቤቶች ግድግዳቸው በኩራዝ ጭስ ጠቁሯል።

እትዬ ዘይነባን ያገኘኋቸው እዚያ ነው። ከስልጤ የመጡ፣ ባላቸው የሞተባቸው፣ በናፍጣ ሞተር የሚሠራ ወፍጮ ቤት የነበራቸው ሴት ናቸው። ናፍጣ በጠፋ ቀን የመንደሩ ሴቶች እህላቸውን እንደተሸከሙ ይመለሳሉ። እትዬ ዘይነባ ቅንድባቸው ሁልጊዜ በዱቄት እንደነጣ ነው። ትኩስ የገብስ ቂጣ በቅቤና በሚጥሚጣ ለውሰው ይሰጡኝና «ብዪ ሰብለ፣ አጥንትሽ ብቻ ቀርቷል እኮ» ይሉኛል።

ጽፌ ራሴው የተየብኩት ቀላል ነገር ነው። መስመር የሚያልፍበት መንደር በቅድሚያ ትራንስፎርመር ያግኝ፤ ኃይሉ ከቤት አምፖል በፊት ለወፍጮ፣ ለዳቦ ቤት፣ ለብየዳ ቤት ይድረስ፤ ሥራ ካለ ሌላውን መንደሩ ራሱ ያመጣዋል። ፓርቲውም አቋሜ ብሎ ተቀበለው። እትዬ ዘይነባ ይህን ሰምተው ለመብራት መሥሪያ ቤቱ የሚገባ ማመልከቻ ቤት ለቤት እየዞሩ አስፈረሙ። ፓርቲው አብሯቸው ሄዶ ሊያስገባላቸው ቃል ስለገባ ወረቀቱን በፌስታል ጠቅልለው ይዘው ይዞሩ ነበር።

ጥናቱ በትንሽ መጽሐፍ ታትሞ ሲመጣ ሽፋኑ ላይ ያለው የግርማቸው ስም ብቻ ነበር። ቢሮው በእንግዳ ተሞልቶ ሳለ ጠየቅሁት።

«አቶ ግርማቸው፣ የእኔ ስም የታለ?»

ፈገግ አለ። «በትግል ውስጥ የእኔ የአንቺ የለም። ደሞ መተየብና ማጥናት ይለያያል፣ ልጄ። በይ ለእንግዶቹ ሻይ አምጪላቸው።»

ሰዎቹ ሳቁ። ሻዩን አመጣሁ። ብርጭቆዎቹን እያደልኩ ምን እንደማደርገው አስብ ነበር።

በሳምንቱ ቅዳሜ ግርማቸው በእነ እትዬ ዘይነባ ቀበሌ አዳራሽ ሕዝብ ሊያነጋግር ነው። ሊነሱ የሚችሉ ጥያቄዎችን ከነመልሳቸው እንድጽፍለት አዘዘኝ። አሳምሬ ጻፍኩለት። አንዷን መልስ ግን ሆን ብዬ አበላሸኋት፤ ጣሪያ ላይ የምትቀመጥ አንዲት ትንሽ ሶላር ብቻዋን ወፍጮ ታዞራለች ብዬ። ሙያውን የሚያውቅ ሰው ከት ብሎ የሚስቅበት ነገር ነው። እሱ ግን ፊውዝና ቆጣሪ አይለይም።

ቅዳሜ ዕለት ዝናቡ አባርቶ ቆርቆሮው እንደ ምጣድ ግሎ ነበር። እትዬ ዘይነባ ከፊት ተቀምጠዋል። ተነሱና ስለ ወፍጮአቸው ጠየቁ። ግርማቸው መነጽሩን አስተካክሎ የጻፍኩለትን ቃል በቃል አነበበው። ከኋላ አንድ ኤሌክትሪሽያን «የእጅ ባትሪም ይበቃታል በላቸው!» ብሎ ጮኸ። አዳራሹ በሳቅ ተናጋ። ግርማቸው ወረቀቱን ገለበጠው፤ መልሶ ገለበጠው። ላቡ በአገጩ ይወርዳል።

«ቆይ እስቲ» አሉ እትዬ ዘይነባ እጃቸውን አንስተው። «ሰብለ እንዲህ አላለችኝም። ልጅቷ ታውቀዋለች፣ እሷ ትንገረን።»

ሰው ሁሉ ወደ እኔ ዞረ። እሱም ዞረ፤ ዓይኑ ይለምነኛል። ትክክለኛው መልስ አፌ ላይ ነበር። ተነሳሁና እንደ ጨዋ ልጅ አንገቴን ደፍቼ «እኔ ተያቢ ነኝ። ጥናቱ የእሳቸው ነው» ብዬ ተቀመጥኩ።

ደስ አለኝ። እውነቱን ለመናገር፣ ምረቃዬ ቀን እንኳ እንደዚያ ደስ አላለኝም።

ስወጣ በሩ ላይ ማመልከቻውን የፈረሙት ሰዎች እትዬ ዘይነባን ከበው «ስማችንን ይሰርዙልን፣ መሳቂያ አያድርጉን» ይሏቸዋል። ሲያዩኝ ከመሀል ወጥተው ቀረቡኝ። አልጮሁብኝም። «እሱንስ ገደልሽው» አሉኝ። «እኔ ምን አድርጌሽ ነው?»

ፓርቲው ከዚያ በኋላ ወደ መንደሩ ድርሽ አላለም። በሦስተኛው ሳምንት ማመልከቻውን እኔው ላስገባላቸው ብዬ ወፍጮ ቤታቸው ሄድኩ። የሰው ገብስ እየፈጩ ነበር። ጮክ ብዬ ይቅርታ ጠየቅኋቸው፤ ሞተሩን አላጠፉልኝም። መብራት ወደዚያ የገባው ከብዙ ዓመት በኋላ ነው፤ እሳቸው ወፍጮውን ሸጠው ልጃቸው ጋ ከገቡ በኋላ።

ሚኒባሱ ውስጥ ጋዜጠኛው ስልክ ቁጥር ተናግሮ «ጥያቄ ያላችሁ ደውሉ» አለ። ስልኬን አውጥቼ ጥቂት ከያዝኩት በኋላ ቦርሳዬ ውስጥ መለስኩት። ይቅር ብዬው አይደለም። ዛሬም ወደዚያ ቅዳሜ ብመለስ ያቺን መልስ አበላሽበታለሁ፤ ሲያልበውም ቁጭ ብዬ አየዋለሁ። እትዬ ዘይነባ እጃቸውን ሲያነሱ ግን እነሳና የወፍጮአቸውን ነገር በደንብ አስረዳቸዋለሁ። ሁለቱንም ማድረግ እችል ነበር። አንድ ደቂቃ ቢፈጅ ነው፤ ያቺን ደቂቃ ለራሴ ደስታ አዋልኳት።