የዩትሮ ወንበር

ዲላ ውስጥ፣ የወናጎ ሚኒባሶች ከሚቆሙበት ፊት ለፊት፣ ሀጅራ ሻይ ቤት አንድ አዛውንት ይመጣሉ። ፖላንድ ተምረው ሲመለሱ የለበሱትን የሱፍ ካፖርት በዚህ ሙቀት እንኳ አያወልቁም። አጠገባቸው ያለውን ባዶ ወንበር የጠየቃቸውን ሁሉ፣ «ሰው አለው» ይሉታል፤ ማንም ግን መጥቶ አያውቅም። ሲሰናበቱ ቃላቸው «ዩትሮ» ናት።

«በፖላንዶች ቋንቋ ነገ ማለት ነው» አሏት ሀጅራን አንድ ቀን። «ጥንት ግን ማለዳ ማለት ነበር። የእኛስ ነገ ከነጋ አይደል የተወለደው? ሰው የትም ይኑር፣ ሌሊቱን ካልገፋ ነገ የለውም።»

«ጋሼ፣ ደግሞ ጀመሩ» ብላ ሳቀችባቸው።

ትናንት አንድ ተሳፋሪ ወንበሩን ሲጠይቃቸው፣ ብርጭቋቸውን እያዩ፣ «ውሰደው» አሉ። ሀጅራ ማንቆርቆሪያውን አስቀምጣ መጣችና ወንበሩን ከሰውየው እጅ ተቀበለች።

«ሰው አለው» አለችው። «ዩትሮ ይመጣል።»