ሕገ ወጥ ባሕርይ ተገኝቷል

ሰውን ለማስደንገጥ ጅብ አያስፈልግም፤ አንድ ሳጥን፣ ቀይ ምልክትና ሁለት መስመር መጥፎ አማርኛ ይበቃል። ይህን የተማርሁት ደብረ ታቦር የኮምፒውተር መምህር ሆኜ ከተመደብሁ በኋላ ነው። ትምህርት ቤታችን በአማርኛ የሚሠራ የተማሪ መመዝገቢያ ፕሮግራም ማሠራቱን ስሰማ በጣም ደስ ብሎኝ ነበር። በገዛ ቋንቋችን! ደስታዬ የቆየው እስከ መጀመሪያው የስህተት መልእክት ድረስ ብቻ ነው።

«ያልታወቀ ስህተት ታውቋል» አለኝ።

ታውቆ ከሆነ ምንነቱን ንገረኛ! ካልታወቀም አትንጠራራ፤ «ምን እንደሆነ አላውቅም፣ እንደገና ሞክር» በል። እንዲህ ማለት ግን ለፕሮግራሙ ውርደት ነው። እርሱ የሚናገረው እንደ ደብዳቤ ነው፤ ስሙንና ማኅተሙን ብቻ ነው የረሳው።

በማግስቱ አንጋፋው የሂሳብ መምህራችን ውጤት ሊያስገቡ ቢሞክሩ «ፈቃድ የለዎትም። አስተዳዳሪዎን ያነጋግሩ» አላቸው። ፕሮግራሙ አስተዳዳሪ የሚለው እኔን ነበር፤ የይለፍ ቃል የምሰጠው እኔ ነኝና። እርሳቸው ግን አማርኛ ያውቃሉ። ባርኔጣቸውን አጥልቀው የቀበሌው አስተዳዳሪ ዘንድ ሄዱ። ከሰዓት በኋላ ደክሟቸው ተመልሰው «ስብሰባ ላይ ናቸው ተባልሁ» አሉኝ። ማንም በእርሳቸው ሊስቅ አይገባም። የታዘዙትን ነው የፈጸሙት።

ለተማሪዎቼ ደጋግሜ የምለው አንድ ነገር አለ። የስህተት መልእክት የሚጻፈው ለተቸገረ ሰው ነው። ምን እንደተበላሸና የት እንደተበላሸ ይናገር፣ ቀጥሎ ምን እንደሚደረግ ይምከር፣ ከዚያ ዝም ይበል። ይህን ለማወቅ ዲግሪ አያስፈልግም። ከጉና ተራራ ሥር ባሉት ቀበሌዎች ሰው ከአንዱ ሸንተረር ወዲያ ማዶ ሲጣራ የሰማ ያውቀዋል። «በሬህ ገብሱ ውስጥ ገብቷል፣ ቶሎ ድረስ!» በቃ። ነፋስ እየነፈሰ፣ ገደል በመካከል እያለ፣ የሚባክን ቃል የለም። የእኛ ፕሮግራም ግን ገደል እንኳ ሳይከለክለው፣ አንድ ክንድ ያህል ርቀት ላይ ከተቀመጠ ሰው ጋር መግባባት አልቻለም።

ይህ ሁሉ ግን ቀልድ ነበር፤ ቀልድነቱ ያበቃው የአሥራ ሁለተኛ ክፍል የፈተና ምዝገባ በሚዘጋበት ቀን ነው።

ከሰዓት በኋላ በኮምፒውተር ክፍሉ ውስጥ ሳለሁ ከጎረቤቴ ከመዝገብ ቤቱ ጩኸት ሰማሁ። ሮጬ ስሄድ መስኮቱ ላይ ወላጅና ተማሪ ተሰልፏል። ከፊት የቆሙት ከእብናት በኩል የመጡ አባት ነበሩ፤ ጋቢያቸውን ተከናንበው በትራቸውን እንደ ጦር ይዘውታል። አጠገባቸው ልጃቸው ነጠላዋን ፊቷ ላይ ስባ፣ ግድግዳውን ተደግፋ ታለቅሳለች። ልጅቷን አውቃታለሁ። ከተማ ውስጥ ቤት ተከራይታ የምትማር፣ ከክፍሉ ቀድማ እጇን የምታወጣ ተማሪዬ ናት።

ጸሐፊዋ ወላጅ ስሙን እንዲያረጋግጥ ብላ የኮምፒውተሩን ፊት ወደ መስኮቱ አዙራው ነበር። እኒህ አባት ደግሞ የቄስ ትምህርት የተማሩ ናቸው። በፊደል የተጻፈን ነገር እንደ ዳዊት፣ ቃል በቃል፣ ድምፅ አውጥተው ያነባሉ። ሳጥኑ ላይ የተጻፈውን ሰልፉ ሁሉ እየሰማ አንብበውታል፦

«የተመዝጋቢ ሕገ ወጥ ባሕርይ ተገኝቷል። ሂደቱ በውርጃ ተቋርጧል።»

ከሥሩ አንድ ቁልፍ ብቻ አለ፤ «እሺ» ይላል።

«አባቴ፣ እሺ የሚለውን ልጫነውና ይጥፋ» ትላለች ጸሐፊዋ።

«እንዳትነኪው! ልጄ አስወረደች ተብሎ ተጽፎ እሺ ልበል? እሺ ያለ አመነ አይደለም?»

«ኧረ ሁልጊዜም እንዲህ እያለ ነው የሚያስቸግረን!»

«በሁሉም ልጅ ላይ?»

ከሰልፉ መካከል አንዲት ሴት «ምን አለ? ምን አለ?» ስትል ሌላዋ «ውርጃ ነው መሰለኝ... ወይ የዘንድሮ ልጅ!» ስትላት ሰማሁ። ልጅቷም ሰምታለች።

«አባዬ፣ በእመቤቴ! ምንም አላደረግሁም» አለች።

«ዝም በይ። ሂጂና ዕቃሽን ሰብስቢ። መኪናው ሳያመልጠን አገራችን እንገባለን።»

አገር ቤት ከገባች እንደማትመለስ እርሷም እኔም እናውቃለን። ምዝገባው የሚዘጋው ቢሮው ሲዘጋ ነው። ልጅቷ የአራት ዓመት ድካሟን ይዛ የምትቀረው አንድ ሰነፍ ሰው አንድ መልእክት አስተካክሎ ስላልጻፈ ነው።

ሳጥኑን እንዳየሁ ገባኝ። እንግሊዝኛው ለፊደልም፣ ለጽሕፈት ምልክትም፣ ለሰው ጠባይም አንድ ቃል አለው። ሥራን መሐል ላይ ማቋረጥንና ጽንስ ማስወረድንም እንዲሁ በአንድ ቃል ይጠራል። ፕሮግራሙን የሠራው ሰው ለመተርጎሚያ ማሽን ሰጥቶ፣ ማሽኑ የተፋውን ሳያነብ ለጥፎታል። የልጅቷ አባት ስም በ«ገብረ» ይጀምራል። ጸሐፊዋ እንደ አገራችን ልማድ «ገ» ብላ፣ ያችን ያዘመመች ጭረት፣ እዝባሯን አስከትላ ቀሪውን ጽፋለች። ፕሮግራሙ በስም ውስጥ እዝባር አይቀበልም። ነገሩ ይኸው ነው። በአማርኛ የሚሠራ ፕሮግራም ሠርቶ አማራ ስሙን እንዴት አሳጥሮ እንደሚጽፍ አለማወቅ! ያውም እዚያው ሳጥን አናት ላይ በትልቁ «የት/ቤት ምዝገባ» ብሎ ጽፎ። የራሱ ጭረት ሕጋዊ ናት፣ የገበሬው ሕገ ወጥ።

ይህን ሁሉ ከሥሩ ጀምሬ አስረዳኋቸው። ስለ ፊደል፣ ስለ ኮድ፣ ስለ ትርጉም ነገርኋቸው። አባትዬው በትዕግሥት አዳመጡኝ።

«መምህር፣ እኔ የጠየቅሁህ ልጄ ምን አደረገች ብዬ ነው። አንተ የምትነግረኝ ስለ ዕቃው ነው» አሉኝ።

ፕሮግራሙን ወደ ሠራው ሰው ደወልሁ። ሁሉም ይስማ ብዬ ድምፁን ከፍ አደረግሁት።

«ወንድሜ፣ ይህ ሕገ ወጥ ባሕርይ የሚለው መልእክት...»

«አዎ፣ እሺን ተጫኑትና እለፉት።»

«ሰው እየጎዳ ነው። ወላጅ አንብቦት...»

ሳቀ። «ኧረ መምህር! መልእክት ደግሞ ማን ያነባል?»

«እኔ!» አሉ አባትዬው ወደ ስልኩ ጎንበስ ብለው። «እኔ አነበብሁት!»

ሰውዬው «በሚቀጥለው እናስተካክለዋለን» ብሎ ማጉረምረም ጀመረ።

«ስማኝ» አልሁት። «በሬህ ገብሱ ውስጥ ቢገባ ጎረቤትህ ‹ሕገ ወጥ ቀንድ ተገኝቷል› ብሎ ይጣራሃል?»

አልገባውም። ዘጋሁበት።

አባትዬው የልጃቸው ስም ያለበትን ኮምፒውተር በበትራቸው ጋርደው አላስነካም ስላሉ፣ እዚያው መዝገብ ቤት ወዳለው ሁለተኛ ኮምፒውተር ሄጄ ፊቱን ወደ መስኮቱ አዞርሁት። «አባቴ፣ አሁን የማስመዘግበው ራሴን ነው፤ ይመልከቱኝ» አልኋቸው። የራሴንና የአባቴን ስም ጻፍሁ። የአያቴ ስም በ«ወልደ» ይጀምራልና «ወ» ብዬ እዝባር አደረግሁ። አስገባሁት።

ቀዩ ምልክት ወጣ። አባትዬው አንገታቸውን አስግገው፣ እንደ ቅድሙ ድምፅ አውጥተው አነበቡ። «የተመዝጋቢ... ሕገ ወጥ... ባሕርይ... ተገኝቷል። ሂደቱ... በውርጃ...» ቆም አሉ። ከእግሬ እስከ ራሴ ተመለከቱኝ።

«መምህር፣ አንተም አስወረድህ?»

የሰልፉ ፊት በሳቅ ፈረሰ። ያች «ወይ የዘንድሮ ልጅ» ያለችው ሴት ጭምር አፏን በነጠላዋ ይዛ ትንፈራፈራለች። አባትዬው መጀመሪያ ሊስቁ አልፈለጉም፤ ኋላ ግን ጋቢያቸው እስኪወድቅ ሳቁ። ልጅቷ ብቻ አልሳቀችም።

«እንግዲህ የቱ ነው ጥፋቱ?» አሉኝ ዓይናቸውን እየጠረጉ።

«እርስዎ ስም ላይ ያለችው ይቺ ጭረት ናት። ስምዎ ሙሉውን ይጻፍ፤ ሌላ ምንም የለም።»

ይህን ያህል አጭር ነበር። ቅድም ለምን እንዲህ ብዬ እንዳልጀመርሁ ዛሬም ይገርመኛል፤ የትምህርት ቤት ልማድ ይሆናል።

በትራቸውን አነሡና ወደ ልጃቸው ዞሩ። «ነይ፤ እሺውን አንቺው በይው።» እየፈራች በመስኮቱ እጇን አስገብታ ተጫነችው። ሳጥኑ ጠፋ። ጸሐፊዋ ስማቸውን ከ«ገብረ» ጀምራ፣ አንድ ፊደል ሳታስቀር ጻፈችና አስገባች። «ተመዝግቧል» አለ ፕሮግራሙ። አንድ ቃል። ከእርሱ ሰምቼው የማውቀው ብቸኛ ደኅና አማርኛ።

እኔ ነገሩ ያለቀ መስሎኝ ወደ ክፍሌ ልመለስ ስል ልጅቷ ተመልሳ ግድግዳውን ተደግፋለች። ብትመዘገብም በዚያ ሰልፍ ፊት ማለፍ አለባት፤ ከሰልፉ ኋላ ያሉት ደግሞ ቅድም የሰሙት ቃል ላይ እንደቆሙ ናቸው፤ የሳቁ ምክንያት አልደረሳቸውም። ይህን ያዩት አባቷ ናቸው። የመዝገብ ቤቱ ደረጃ ላይ ወጡ፣ እጃቸውን አፋቸው ዳር አድርገው፣ ከማዶ ሸንተረር ሰው እንደሚጠሩ ሁሉ ተጣሩ፦

«ስሙኝ! ልጄ ያጠፋችው የለም! ያስቸገረው እኔ ስም ላይ ያለ ጭረት ነው! ስማችሁን ሳታሳጥሩ አስጽፉ!»

የግቢው ጥድ እስከሚያስተጋባ ተሰማ። ከሰልፉ መጨረሻ አንዲት እናት መልሳ ጮኸች፦

«የኔ ልጅ አባት ስም በወልደ የሚጀምርሳ?»

«ሙሉውን!» አለቻት ልጅቷ፣ ነጠላዋን ከፊቷ ገልጣ።